የሴቶች ሊግ በምን ይቆማል?

ቅዳሜ ከሰዓት በደሴ ፒያሳ ያለፈ ሰው በየዲኤስቲቪ ቤቱ በር ላይ የተደገፉትን ጥቁር ሰሌዳዎች ሳያይ አያልፍም። በጠመኔ የሚጻፈው የዕለቱ ጨዋታ ነው፤ አርሰናል ከማን፣ ሊቨርፑል በስንት ሰዓት፣ መግቢያው ስንት ብር። ወጣቱ ሰሌዳውን አንብቦ ይገባል፤ አግዳሚው ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። በዚያ ሰሌዳ ላይ የሴቶች ጨዋታ ተጽፎ ማየት ብርቅ ነው። የራሳችን የሴቶች ፕሪሚየር ሊግማ ከነጭራሹ አይጻፍም።

ለምን ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፦ «ተመልካች የለውም።» ተመልካች ከሌለ ስፖንሰር የለም፤ ስፖንሰር ከሌለ ደመወዝ የለም፤ ደመወዝ ከሌለ ጥሩ ተጫዋች አይወጣም፤ ጥሩ ተጫዋች ካልወጣ ደግሞ ተመልካች አይመጣም። ክርክሩ ዞሮ ዞሮ ከተነሳበት ይደርሳል። ይህን አዙሪት የት ላይ መስበር ይቻላል? በሌላው ዓለም የተሞከረውን፣ በሀገራችን የሆነውን፣ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ሳይሆን የቀረውን ጎን ለጎን አድርጌ ሳይ የደረስኩበት እምነት አንድ ነው። የሴቶች ሊግ የሚጀምረው ከተመልካች ሳይሆን ከተጫዋቿ ውል ነው። ለዓመታት የሚጸና፣ ዝቅተኛው ደመወዝ በግልጽ የሰፈረበት፣ ባለቤቱ ባላተረፈበት ዓመትም የሚከፈል ውል ካለ ተመልካቹ በጊዜው ይመጣል። ያ ከሌለ ግን ሜዳው ሞልቶም ሊጉ ሊፈርስ ይችላል።

ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳየው ከእኛ እጅግ የራቀ ስፖርት ነው፤ የበረዶ ሆኪ። በየወገኑ ስድስት ተጫዋቾች ከሥሩ ስለት የተገጠመለት ጫማ አድርገው በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ፣ ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ በቆልማማ ዱላ እየመቱ መረብ ውስጥ ለማስገባት ይፋለማሉ። ዱላውን ላየ የእኛን የገና ጨዋታ ያስታውሳል። እንደ ገናም ሁሉ ለረጅም ዘመን የወንዶች ጨዋታ ሆኖ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1955 ማብቂያ ላይ ቶሮንቶ ውስጥ አቢ ሆፍማን የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ ፀጉሯን አሳጥራ፣ ስሟንም አሳጥራ፣ ወንድ መስላ ከወንዶች ቡድን ጋር ተመዘገበች። ጥሩ ተከላካይ ስለነበረች ለምርጥ ቡድን ታጨች፤ ያኔ የልደት ወረቀት ሲመረመር ሴት መሆኗ ታወቀ። ወሬው በሀገሩ ሁሉ ተናኘ፤ እሷ ግን ከሆኪው ወጥታ ኋላ የ800 ሜትር የኦሊምፒክ ሯጭ ሆነች። በካናዳና በአሜሪካ ለሴቶቹ በሩ የተከፈተው ቀስ በቀስ ነው፤ በክስም፣ በሕግም፣ በትምህርት ቤት ውድድርም። የሴቶች የበረዶ ሆኪ ኦሊምፒክ የገባው በ1998 ናጋኖ ላይ ሲሆን የመጀመሪያውን ወርቅ አሜሪካ ካናዳን አሸንፋ ወሰደች።

ኦሊምፒክ ግን በአራት ዓመት አንዴ ነው። ከዚያ ውጪ ያለውን ጊዜ ተጫዋቿ በምን ትኑር? እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ለእኛ የሚጠቅመው። በ2007 የተቋቋመው የካናዳ የሴቶች ሆኪ ሊግ አሥር ዓመት ያህል ደመወዝ ሳይከፍል ኖረ። በኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቁ ሴቶች ቀን መምህር ወይም የቢሮ ሠራተኛ ሆነው እየዋሉ ማታ ይለማመዱ ነበር። በ2017 ክፍያ ቢጀመርም ለዓመት ከ2 ሺህ እስከ 10 ሺህ የካናዳ ዶላር ነበር። በእኛ ሀገር ቋንቋ ላብ መተኪያ እንጂ ደመወዝ አይባልም። በ2019 የጸደይ ወራት ሊጉ በገንዘብ መጽናት እንዳልቻለ ገልጾ ተዘጋ። በአሜሪካ በኩል በ2015 የተነሳው ሌላ ሊግ ለተጫዋቾቹ ከመነሻው ደመወዝ በመክፈሉ ተመሰገነ፤ ዝቅተኛው በዓመት 10 ሺህ ዶላር ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን ገቢው አልበቃ ሲል የተጫዋቾቹ ደመወዝ እስከ ግማሽ ተቀነሰ። ውል ፈርመው፣ ቤት ተከራይተው፣ ሥራ ለቀው የመጡ ሴቶች ናቸው ወቅቱ ከተጀመረ በኋላ ክፍያችሁ ተቀንሷል የተባሉት።

ሴቶቹ ታዲያ ምን አደረጉ? በግንቦት 2019 ወደ 200 የሚጠጉ ተጫዋቾች፣ የዓለም ምርጦቹ ሳይቀሩ፣ ተገቢ ክፍያና የጤና መድን የሌለበት የሰሜን አሜሪካ ሊግ ውስጥ አንጫወትም ብለው ተነሱ። ማኅበር አቋቋሙ፤ ከከተማ ከተማ እየዞሩ የትዕይንት ጨዋታ እያደረጉ ለአራት ዓመት ጠበቁ። ለስፖርተኛ አራት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዳንዶቹ ዕድሜያቸው አልፎ ሊጉን ሳይቀምሱ ቀሩ። በ2023 የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ የቤዝቦል ክለብ ባለቤት ማርክ ዋልተርና የቴኒሷ ቢሊ ጂን ኪንግ በ2015 የተነሳውን ያንን ሊግ ገዝተው በምትኩ አዲስ መሠረቱ። የቅደም ተከተሉን ነገር ልብ ይሏል። ቡድኖቹ ስም ሳይወጣላቸው፣ ማሊያ ሳይሰፋላቸው፣ አንድ ትኬት ሳይሸጥ፣ የተጫዋቾቹ ማኅበርና ባለቤቶቹ በሐምሌ 2023 እስከ 2031 የሚጸና የኅብረት ስምምነት አጸደቁ። ዝቅተኛው ደመወዝ በዓመት 35 ሺህ ዶላር፤ በየቡድኑ ቢያንስ ስድስት ተጫዋቾች ከ80 ሺህ ዶላር በማያንስ ክፍያ የሦስት ዓመት ውል ይፈርማሉ፤ የጤና መድን፣ የወሊድ ፈቃድ፣ የቤት ኪራይ ድጎማ አብረው ተጻፉ።

ከዚያ በኋላ ነው ጨዋታው የተጀመረው፤ ጥር 1 ቀን 2024 እንደ ፈረንጆቹ፣ ቶሮንቶ ላይ። ስድስት ቡድኖች ነበሩ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ሞንትሪያል ውስጥ ሞንትሪያልና ቶሮንቶ ሲገናኙ 21,105 ሰው ገባ፤ በሴቶች የበረዶ ሆኪ እስከዚያ ታይቶ የማይታወቅ ቁጥር ነበር። በመጀመሪያው ዓመት በአንድ ጨዋታ በአማካይ ከ5 ሺህ በላይ፣ በሁለተኛው ከ7 ሺህ በላይ ተመልካች ታየ። በሦስተኛው ወቅት ቫንኩቨርና ሲያትል ተጨምረው ስምንት ሆኑ። እነዚያው ሴቶች ናቸው፤ ስፖርቱም ያው ነው። የተለወጠው ከሥራቸው ያለው መሠረት ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ከስድስቱ ቡድኖች ዝቅተኛውን ተመልካች ያየው የኒው ዮርኩ ነበር። ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው፤ ቡድኑ ቋሚ ሜዳ አልነበረውም፤ በሦስት የተለያዩ አዳራሾች፣ ያውም ሁለቱ በሌላ ክፍለ ሀገር፣ እየተንከራተተ ነበር «በሜዳው» የሚጫወተው። በዓለም ላይ ሰው ከሚርመሰመስባቸው ከተሞች በአንዱ ደጋፊ ማጣት የከተማው ጥፋት አይደለም። ወደ እኛ ሊግ ስመለስ ይህን ነጥብ እፈልገዋለሁ።

አሁን ወደ ቤት እንምጣ። ኢትዮጵያ ሴት ስፖርተኛ በስፖርቷ ልትኖር እንደምትችል ለዓለም ካስተማሩ ሀገሮች አንዷ ናት። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቅ ካጠለቀች ወዲህ ያለው ትውልድ ሩጫን ኑሮ አድርጎታል። ትዕግስት አሰፋ መስከረም 2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትጨርስ የተከፈላት ለጊዜዋና ለድሏ ነው። ታዲያ ሯጯ ከቻለች ኳስ ተጫዋቿ ለምን አቃታት? ሯጯ ብቻዋን ትሸጣለች። ጉልበቷ ካለ፣ ማናጀር ካገኘች፣ ውድድሩ ዓለም ላይ አለ፤ ሽልማቱም የጫማ ኩባንያውም ውጭ ነው። የሀገር ውስጥ ሥርዓት ቢደክምም እሷ በአውሮፕላን ተሳፍራ ትሄዳለች። ኳስ ተጫዋቿ ግን አሥር ጓደኞች፣ አሥራ አንድ ተጋጣሚ፣ ዳኛ፣ ሜዳ፣ በየሳምንቱ የሚመጣ ጨዋታ ትፈልጋለች። እሷን ብቻዋን ወደ ውጭ ማውጣት የሚቻለው መጀመሪያ እዚህ የተደራጀ ሊግ ሲኖር ነው። የአትሌቲክሱ ስኬት የእግር ኳሱን ድካም እየሸፈነልን ኖሯል የምለው ለዚህ ነው፤ ሴቶቻችን ሲከበሩ እናያለን፣ የሚከበሩበት ሥርዓት ግን አብዛኛው የእኛ አይደለም።

የሴቶች እግር ኳሳችን የሚያኮራ ነገር የለውም ማለት ግን ስህተት ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ሉሲዎቹ እ.ኤ.አ. በ2002፣ በ2004 እና በ2012 በአፍሪካ ዋንጫ ተሳትፈዋል፤ በ2004 ደቡብ አፍሪካ ላይ አራተኛ ወጥተዋል። ከ20 ዓመት በታች ሴቶቻችን በ2014 ዓ.ም. ዩጋንዳ ውስጥ የሴካፋን ዋንጫ አንስተዋል። በክለብ ደረጃ ደግሞ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አለ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ተከታታይ ዓመታት ኢትዮጵያን ወክሎ በአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ የምሥራቅ አፍሪካ ማጣሪያ ተሳትፏል። በመጀመሪያው ዓመት ናይሮቢ ላይ በፍጻሜው በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ ተሸነፈ፤ በ2015 ዓ.ም. ዩጋንዳ ላይ በታንዛኒያው ጄኬቲ ኩዊንስ በመለያ ምት ወደቀ፤ በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ፣ በአበበ ቢቂላ ስታዲየም፣ የኬንያውን ፖሊስ ቡሌትስ 1 ለ 0 አሸንፎ ወደ አፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ አለፈ። ኢትዮጵያዊ ክለብ እዚያ ሲደርስ የመጀመሪያው ነው። ሞሮኮ ላይ ከምድቡ ባያልፍም፣ ያ ቡድን እዚያ የደረሰው በአንድ ዓመት ሞቅታ አይደለም። በአሠልጣኝ ብርሃኑ ግዛው ሥር ለዓመታት አብሮ የቆየ፣ ባንኩ በየወሩ የሚከፍለው ቡድን ስለነበር ነው። ሁለት ጊዜ ፍጻሜ ተሸንፎ ሦስተኛውን የሚሞክር ቡድን የሚገኘው ከሽንፈቱ በኋላ ካልተበተነ ብቻ ነው።

የሎዛ አበራ ታሪክም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ከዱራሜ ተነስታ፣ በሀዋሳ አልፋ፣ በደደቢት ማሊያ ጎል እያዘነበች ስሟን ተከለች። በ2019/20 ማልታ ሄዳ ለቢርኪርካራ 30 ጎል አስቆጥራ የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢም ሻምፒዮንም ሆነች። ተመልሳ ለንግድ ባንክ ተጫወተች፤ ናይሮቢ ላይ በዚያ የ2013 ዓ.ም. ማጣሪያ ብቻዋን 13 ጎል አገባች። በ2024 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ አዲስ በተጀመረው የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ ለዋሽንግተኑ ዲሲ ፓወር ፈረመች። ዱራሜ ውስጥ ኳስ ስትገፋ ያያት ሰው ይህን ሊተነብይ አይችልም ነበር። የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ያሳደጋት ደደቢት፣ ከ2008 እስከ 2010 ዓ.ም. የሴቶቹን ዋንጫ ሲያነሳ የነበረው ደደቢት፣ ዛሬ የሴቶች ቡድን የለውም። ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ቡድን እንደ ጤዛ ሲጠፋ ሀገር አልጮኸም።

በክልላችንም የምናውቀው ነገር ነው። ጎንደር ላይ ስታዲየም ያደመቀው ዳሽን ቢራ በ2008 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊግ ወርዶ ያለ ሁለተኛ ዕድል ፈረሰ። በሴቶቹ ሊግ ጥሩ ተጫዋቾች የነበሩት ጥረት ኮርፖሬትም ዛሬ በሊጉ ውስጥ የለም። ስማቸው የተለያየ ነው፤ አጠፋፋቸው ግን አንድ ዓይነት ነው። ቡድኑ የአንድ ድርጅት ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት በጀት መስመር ነው፤ የቦርድ ሰብሳቢ ይቀየራል፣ ወይም ቡድኑ ይወርዳል፣ ወይም «ወጪ ይቀንስ» ይባላል፣ በአንድ ደብዳቤም ያልቃል። ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹ ቀድመው የሚሰረዙትም ውላቸው አጭር፣ ክፍያቸው ትንሽ፣ የሚጮህላቸው ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው።

ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ደመወዝ የሚቆይባቸው ቡድኖች እንዳሉ ስፖርቱን የሚከታተል ሁሉ ያውቃል። ወንዶቹ ልምምድ ሲያቆሙ ወሬው በሬዲዮ ይሰማል። ሴቶቹ ሲያቆሙ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፤ ወሬ አይሆንም።

በ2011 ዓ.ም. የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተሰብስበው የወንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። የክለቦች ወጪ ስለናረ ነው። አፈጻጸሙ ብዙ አከራክሯል፤ እዚህ ላይ አልገባበትም። እኔን የሚገርመኝ በዚያ ሁሉ ክርክር መሐል የሴቶቹ ጉዳይ ጎልቶ አለመነሳቱ ነው። ለወንዶቹ ጣሪያ ሲበጅ ለሴቶቹ ወለል የሚያበጅ አልተገኘም። ለእነሱ አሳሳቢው ክፍያው መናሩ ሳይሆን መኖሩ ነው። አንድ የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ክለብ ከዚህ በታች ሊከፍል አይችልም፣ ከዚህ ላነሰ ጊዜ ሊያስፈርም አይችልም፣ ስትጎዳ ወይም ስትወልድ ውሏን ሊያቋርጥ አይችልም የሚል ሕግ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንጽፈው ሌላ ነበር። የሀገሪቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ 120 ቀን ፈቃድ ከነደመወዟ ይሰጣል። ኳስ ተጫዋቿ ሠራተኛ ከሆነች ይህ ለእሷም ነው።

«ሴቶቹ ገቢ አያመጡም» የሚለው መከራከሪያ ደጋግሞ ይነሳል። ልክ ነው፤ አያመጡም። ግን ወንዶቹስ ያመጣሉ? በሀገራችን ከትኬት ሽያጭ ደመወዝ የሚከፍል ክለብ ጥቂት ነው። የከተማ ክለቦቻችን አብዛኞቹ በከተማ አስተዳደር በጀት፣ የድርጅት ክለቦቹ በድርጅታቸው ድጎማ ነው የሚኖሩት። የወንዶቹ ሊግ በአክሲዮን ማኅበር ተደራጅቶ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የቴሌቪዥን ገቢ ማግኘቱ ትልቅ እርምጃ ነው፤ እሱም ቢሆን የክለቦቹን ወጪ አልሸፈነም። እንግዲህ ሁለቱም ከሕዝብ ኪስ የሚኖሩ ከሆነ አንዱን ብቻ «አያተርፍም» ብሎ መመዘን ፍትሕ አይደለም። የከተማው ግብር ከፋይ ግማሹ ሴት ነው።

አፍሪካ ውስጥም አብነት አለ። የሞሮኮ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ራሱ ገንዘብ መድቦ የሴቶቹን ሁለት ዲቪዚዮን ፕሮፌሽናል አደረገ። ክለቦቹ እስኪያተርፉ አልጠበቀም። በሁለት ዓመት ውስጥ የሀገሪቱ ቡድን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ፤ የንጉሣዊ ጦሩ ክለብ አስፋር የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2023 በመጀመሪያ የዓለም ዋንጫቸው ከምድብ አለፉ። ሞሮኮ ከእኛ እንደምትበለጽግ አውቃለሁ። ግን ገንዘቡ የት እንደዋለ እንጂ መጠኑን ብቻ ማየት አይበቃም፤ የዋለው ተጫዋቾቹ ደመወዝ ላይ ነው። የአፍሪካው ኮንፌዴሬሽንም ከ2022/23 ጀምሮ በአህጉራዊ ውድድር የሚሳተፍ የወንዶች ክለብ ሁሉ የሴቶች ቡድን እንዲኖረው አዟል። ትእዛዙ ጥሩ ነው፤ ለወረቀት ተብሎ የሚቋቋም ቡድንም እንደሚያመጣ መገመት ግን አያዳግትም። ቡድን መኖሩን ብቻ ሳይሆን ውል መኖሩንም የሚጠይቅ ሊሆን ይገባ ነበር።

ሌላው ችግር የሜዳ ጉዳይ ነው። ሊጋችን በተመረጡ ከተሞች ተሰብስቦ ሲካሄድ መቆየቱ ወጪ እንዳዳነ አይካድም። ክለቦች በየሳምንቱ ሀገር ከማቋረጥ አንድ ቦታ ተቀምጠው ዙሩን ይጨርሳሉ። ግን አርባ ምንጭ የአርባ ምንጭን ሴቶች፣ ድሬዳዋ የድሬዳዋን ሴቶች በሜዳው ካላየ ደጋፊ ከየት ይምጣ? የኒው ዮርኩ ቡድን የተቀጣው በዚሁ ነው። ተመልካች የሚፈጠረው የጎረቤት ልጅ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ የእህት ልጅ በገዛ ከተማዋ ስትጫወት በማየት ነው። ሊጉን አንድ ከተማ ሰብስበን ካካሄድን በኋላ «ተመልካች የለውም» ማለት፣ በር ዘግቶ እንግዳ አልመጣም እንደማለት ነው።

ይህ ሁሉ ደሴንና ኮምቦልቻን የሚነካው እንዴት ነው? በቅርብ ዓመታት በሴቶቹ ሊግ ለዋንጫ የሚፎካከሩትን ስንጠራ ንግድ ባንክ፣ መቻል፣ ሀዋሳ፣ አዳማ፣ አርባ ምንጭ እንላለን። ከወሎ የምንጠራው ስም የለም። ልጆቹ ጠፍተው አይደለም። በወይዘሮ ስኂን፣ በመምህር አካለ ወልድ፣ በሆጤ ትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ የተገኘ ሰው ያውቃል። ማለዳ ብርዱ ሳይለቅ፣ ከጦሳ ላይ ጉሙ ሳይነሳ፣ ሜዳ የሚወጡ ልጃገረዶች አሉ። አንዷ በስስ ሸራ ጫማ ትሮጣለች፤ ሌላዋ የወንድሟን ታኬታ ጫፉ ላይ ጨርቅ ወትፋ አድርጋለች። ወንዶቹ ሲመጡ ወደ ሜዳው ዳር ይገፋሉ፤ ኮርነሩ አካባቢ በአራት ድንጋይ ጎል ሠርተው ይቀጥላሉ። አሠልጣኙ አብዛኛውን ጊዜ የስፖርት መምህር ነው፤ ፊሽካው የራሱ፣ ኳሱ የትምህርት ቤቱ። እስከ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ዓመታቸው ድረስ ይህ ይቀጥላል። ከዚያ መሰላሉ ይቆማል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያልቃል፤ ቤተሰብ «ከዚህ በኋላስ?» ይላል። መልስ ያላት ልጅ ጥቂት ናት። ጥሩዋ ወደ ባህር ዳር ወይም አዲስ አበባ ትሄዳለች፤ ብዙዎቹ ወደ ሱቅ፣ ወደ ፋብሪካ ይገባሉ፤ ዓረብ ሀገር የምትሄደውም አለች።

እናትና አባትን መውቀስ ይቀናናል፤ «ቤተሰብ አይፈቅድም» እንላለን። እኔ ግን የወሎ እናት ልጇ በየወሩ ሦስት ሺህም ይሁን አምስት ሺህ ብር ይዛ ስትገባ ካየች ታኬታውን ራሷ ታጥባለች ባይ ነኝ። የሩጫው ጊዜም እንዲሁ ነበር፤ ገንዘቡ ሲመጣ ተቃውሞው ቀለለ። ባህልን የሚያለዝበው ከስብከት ይልቅ በሰዓቱ የሚከፈል ደመወዝ ነው።

ሐረጎን ወርደን፣ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ ኮምቦልቻ አለች። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የቢራ ፋብሪካው፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚገኙባት ከተማ ናት። በስፌቱ መስመር ላይ የተቀመጡት ሠራተኞች በብዛት ወጣት ሴቶች ናቸው። የሴቶች እግር ኳስ በዓለም ላይ የመጀመሪያውን ትልቅ ተመልካች ያገኘው በፋብሪካ ቡድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 በእንግሊዟ ፕሬስተን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሴት ሠራተኞች ያቋቋሙት ዲክ ኬር የተባለ ቡድን ታኅሣሥ 26 ቀን 1920 ሊቨርፑል ላይ በኤቨርተን ሜዳ ሲጫወት 53 ሺህ ሰው ገብቶ ብዙ ሺህ በር ላይ ቀረ። በዓመቱ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ሴቶች በክለቦቹ ሜዳ እንዳይጫወቱ ከለከለ፤ እገዳው ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ጸና። ተመልካች ነበር፤ ጨዋታውን የገደለው ውሳኔ ነው። ስለዚህ ሴቶችን ለማየት ሰው አይመጣም የሚለው ክርክር ከመቶ ዓመት በፊት ተሸንፏል።

ኮምቦልቻ ላይ ታዲያ የፋብሪካዎች የሴቶች ውድድር ቢጀመር፣ ከዚያ የተመረጠ የከተማ ቡድን ቢቋቋም፣ ሐረጎን ሽቅብ ቁልቁል የሚያመላልስ የደሴና የኮምቦልቻ የሴቶች ደርቢ ቢኖር ምን ያህል ደስ ይል ነበር! የአንድ ሚኒባስ መንገድ ነው፤ ሆቴል አያስፈልግ፣ አበል አያስፈልግ። ደሴም ኮምቦልቻም ስታዲየም አላቸው፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተማ ግቢ አለው። ግን እዚህም ላይ ከመሞቃችን በፊት ከዳሽንና ከደደቢት እንማር። ፋብሪካ ይታመማል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሁለቱም ከተሞች ሲያዙ የደረሰውን ዘረፋና ውድመት አይተናል፤ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ከቀረጥ ነጻ የአጎዋ ገበያ ስትወጣ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ሥራ ተቀዛቅዟል። አንድ ድርጅት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ቡድን ከድርጅቱ ጋር ይወድቃል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ባለድርሻ ያስፈልጋል፤ ከተማው፣ ድርጅቶቹና ደጋፊው የየድርሻቸውን አስቀድመው ለሦስት ዓመት የሚያስቀምጡበት፣ ገንዘቡም ለተጫዋቾች ክፍያ ብቻ የሚውልበት ሒሳብ። ሃያ ተጫዋች ለሦስት ዓመት። ለከተማ አስተዳደር ከባድ ቁጥር አይደለም።

የሁለቱም ከተማ አስተዳደሮች፣ የደቡብ ወሎ ስፖርት ኃላፊዎች፣ የከተሞቹ ባለሀብቶች ይህን እንዲያዩት እጠይቃለሁ። ፌዴሬሽኑም ዝቅተኛ ደመወዝና የውል ዘመን የሚወስን መመሪያ ያውጣ፤ ከሱ በታች የሚያስፈርምን ክለብ አይመዝግብ፤ ቢያንስ የወቅቱን ግማሽ ጨዋታ ክለቦቹ በየከተማቸው እንዲያደርጉ ይፍቀድ። ተጫዋቾቹም እንደ ሰሜን አሜሪካዎቹ አንድ ላይ ቆመው የሚናገሩበት ማኅበር ያስፈልጋቸዋል፤ ከየክለቡ ጋር ለየብቻ እየተከራከሩ የትም አይደርሱም። አንባቢም ድርሻ አለው። በፒያሳ ያለ የዲኤስቲቪ ቤት ባለቤት የሉሲዎቹን ጨዋታ ቀን ሰሌዳው ላይ ቢጽፍ አይከስርም፤ በትምህርት ቤቶች ውድድር ቀን ሜዳ የሚወጣ ሰውም መግቢያ አይከፍልም። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የሴቶቹ ቡድን ጥያቄ ከዚያ በፊት ተጽፎ፣ ቁጥር ተቀምጦለት፣ በሁለቱም ከተማ ምክር ቤቶች ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ።